«ጡቴ ውስጥ ጠጠር ነገር አለ»፦ ከጎንደር ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በዚህ ወር ከጎንደርና ከአካባቢዋ የደረሱን ደብዳቤዎች በአብዛኛው የሚጠይቁት በልጃገረዶች ጡት ላይ ስለሚገኝ እብጠትና ስለ ሕመሙ ነው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ ሰብስበን፣ የጠያቂዎቹን ስም ትተን መልሰናል።

ጥያቄ፦ የ10 ዓመት ልጅ አለችኝ። ከሁለት ወር ወዲህ በግራ ጡቷ ጫፍ ሥር ሽምብራ የሚያህል ጠንካራ ነገር ወጣባት። ልብስ ሲነካት እንኳ ያማታል። በቀኙ በኩል ምንም የለም። ጎረቤቶቼ «እባጭ ነው፣ ሥር ሳይሰድ ይውጣ» ይሉኛል፤ አንዷማ የሚተኩስ ሰው አውቃለሁ ብላኛለች። ምን ላድርግ? (እናት፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ እህታችን፣ ከሁሉ በፊት ማንም እንዳይተኩሰው፣ እንዳይበጣውም። የነገሩን ሁሉ የሚያሳየው ልጅዎ ማጎጥጎጥ መጀመሯን ነው። የሴት ልጅ ጡት ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 13 ዓመት ባለው ዕድሜ መውጣት ይጀምራል፤ ሲጀምርም ልክ ከጫፉ ሥር፣ መሃል ላይ፣ ክብና ጠጠር ያለ ነገር ሆኖ ይዳሰሳል። ሲነኩት ያማል። በአንድ ጎን ብቻ መጀመሩም የተለመደ ነው፤ ሌላው ከጥቂት ወራት በኋላ ይከተላል፣ አንዳንዴ እስከ አንድ ዓመት ይዘገያል።

አጥብቀን የምንናገረው ስለ መተኮስና መቁረጥ ነው። ጡቱ በሙሉ የሚያድገው ከዚያች ጠጠር ነው። ከተቃጠለች ወይም ተቆርጣ ከወጣች በዚያ በኩል ጡት ጨርሶ ላይወጣ፣ ወይም ተጨማዶ ሊቀር ይችላል። የጠፋውን መልሶ የሚያበቅል መድኃኒት ደግሞ የለም። በዚህ ዕድሜ ላይ ሐኪም እንኳ ከጫፉ ሥር ካለ ጠጠር ናሙና ለመውሰድ የማይቸኩለው ለዚህ ነው። «ሥር ሳይሰድ ይውጣ» የሚለው ምክር ለእባጭ ሊሠራ ይችላል፤ እዚህ ግን ጤነኛ አካል ማስወጣት ነው።

እስከዚያው ሰፋ ያለ የጥጥ ካናቴራ ያልብሷት። ሲያማት በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ያህል ማድረግ ይበቃል። በየቀኑ እየዳሰሱ «አደገ ወይስ ቀነሰ» ማለቱም ይቅር፤ መዳሰሱ ራሱ ያሳምማል። ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስዷት ቆዳው ከቀላ፣ ካተኮሰ ወይም መግል ካለው፣ ከጫፉ ደም ከወጣ፣ ጠጠሩ መሃል ላይ ሳይሆን ወደ ዳር ከሆነ፣ ወይም ሌላው ጡት ዓመት አልፎትም ካልተከተለ ነው። ጡቷ ከ8 ዓመት በታች መውጣት የጀመረ ልጅም መታየት አለባት። የወር አበባ ብዙውን ጊዜ ጡት መውጣት ከጀመረ ከ2 እስከ 3 ዓመት ውስጥ ስለሚመጣ፣ ስለ ሞዴስ ቁጭ ብሎ ማውራት ከአሁኑ ቢጀመር ልጅቷ ትምህርት ቤት ውስጥ አትደናገጥም።

ጥያቄ፦ 12 ዓመቴ ነው። የእኔ ጡት ገና ነው። የሰፈራችን ልጆች ከወንዝ የውኃ እናት የሚሏትን ጥቁር ጥንዚዛ ይዘው ጡታቸውን ያስነክሳሉ፤ ቶሎ ያወጣል ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ነፍሳት ሲነክስ ቆዳው ይቀላል፣ ያብጣል፤ ልጆቹ «ወጣ» የሚሉት ያንን ነው። እብጠቱ ሲጎድል ጡቱ እንደነበረው ነው። ጡት የሚያወጣው ሰውነትሽ ውስጥ የሚመነጨው ኢስትሮጅን የተባለ ሆርሞን ነው፤ ጊዜውም ከልጅ ልጅ ይለያያል። እናትሽ ወይም ታላቅ እኅትሽ ዘግይተው ከሆነ አንቺም ልትዘገዪ ትችያለሽ። የተነከሰ ቆዳ ላይ የወንዝ ውኃ ሲገባበት ግን ቁስሉ ሊመረቅዝ ይችላል። 13 ዓመት ሞልቶሽ ምንም ምልክት ካላየሽ፣ ወይም 15 ሞልቶሽ የወር አበባ ካልመጣ፣ ያኔ ሐኪም ይይሽ።

ጥያቄ፦ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ 16 ዓመቴ ነው። የወር አበባዬ ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው ሁለቱም ጡቶቼ ይከብዱኛል፣ ይወጥሩኛል። በስፖርት ክፍለ ጊዜ መሮጥ አልችልም። ስዳስሳቸው ውስጣቸው ይጎረብጣል። ካንሰር ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። (ከማራኪ)

መልስ፦ እንቅልፍሽን ተኚ። በሁለቱም ጡት ላይ፣ በተለይ በላይኛው ዳር ወደ ብብት ጠጋ ብሎ የሚሰማ፣ ከወር አበባ በፊት ብሶ ደሙ ሲመጣ የሚለቅ ሕመም ከሆርሞን የሚመጣ ነው። ከወር አበባ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ሆርሞኖቹ የወተት ቱቦዎችንና እጢዎችን ያሳብጣሉ፣ በዙሪያቸውም ውኃ ይቋጠራል፤ የወር አበባ ሲጀምር ሆርሞኑ ስለሚወርድ እብጠቱም ይጎድላል። የሚጎረብጥሽም ያው እጢው ነው። በአንቺ ዕድሜ ጡት ከስብ ይልቅ እጢ ስለሚበዛበት ጠጣርና ጎርበጥ ያለ ነው። የጡት ካንሰር ከ20 ዓመት በታች እጅግ ብርቅ ነው፤ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ልጃገረዶች አንዷን ቢያገኝ ነው። በየጥቅምቱ ስለ ጡት ካንሰር የሚሰጠው ትምህርት ለእናቶች ይጠቅማል፤ ተማሪዎች ግን ሰምተው ሲደነግጡ እናያለን። በአንቺ ዕድሜ ጡትን በየወሩ በሥርዓት መፈተሽ አይመከርም። የራስሽ ጡት ምን እንደሚመስል ማወቅ፣ አዲስ ነገር ካየሽ መናገር፣ በቃ።

ሕመሙ በርግጥ ከወር አበባ ጋር የሚሄድ መሆኑን በወረቀት አረጋግጪ። ከደብተርሽ አንድ ገጽ ያዢ፤ ማታ ማታ ቀኑን፣ ሕመሙን ከ0 እስከ 10 በቁጥር፣ የትኛው ጡት እንደሆነ፣ ደም የፈሰሰበትን ቀን ደግሞ በ«ደ» ምልክት ጻፊ። ሁለት ወር ይበቃል፣ ሦስት ቢሆን ይመረጣል። በእኛ አቆጣጠር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ዑደትን መቁጠር ቀላል ነው፤ ጳጉሜን መዝለል ግን ስሌቱን ያበላሻል። ቁጥሩ ከ«ደ» በፊት ከፍ ብሎ ከዚያ ከወረደ መልሱን አገኘሽ። ሐኪም ዘንድ ብትሄጂም ከየትኛውም ምርመራ በፊት የምትጠየቂው ይህንኑ ነው።

ለማስታገስ ትልቁን ሥራ የሚሠራው ጡት ማስያዣ ነው። ከጡት ሥር ያለው ላስቲክ እንደ መቀነት ዙሪያውን እኩል ሊይዝ፣ ሁለት ጣት ግን ሊያስገባ ይገባል። እጅሽን ወደ ላይ ስታነሺ ከኋላ ወደ ላይ ከተሳበ ሰፍቶሻል፤ ስታወልቂው ቆዳሽ ላይ ቀይ መስመር ካተመ ጠብቦሻል። ከቅዳሜ ገበያ ሰልባጅ የምትገዢ ከሆነ ላስቲኩን በእጅሽ ሳቢና ልቀቂው፤ ተመልሶ ካልተሰበሰበ አትግዢው፣ መልኩ ቢያምርም አይደግፍሽም። ለስፖርት ሰፊ ማንገቻ ያለው፣ ሽቦ የሌለው ይሁን። ጡት እንዳይታይ ብሎ በነጠላ ወይም በሻሽ ጥብቅ አድርጎ ማሠር ሕመሙን ያባብሳል፤ ይህን የምታደርጊ ከሆነ ተዪው።

ሕመሙ በሚብስባቸው ቀናት አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም እስከ 3 ጊዜ በቀን፣ ወይም ፓራሲታሞል 500 ሚሊግራም እስከ 4 ጊዜ በቀን መውሰድ ይቻላል፤ ከሦስትና ከአራት ቀን አይለፍ። አይቡፕሮፌን በባዶ ሆድ አይዋጥም። በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሚ ከሆነ ከምግብ በኋላ ውሰጂው ወይም ፓራሲታሞሉን ምረጪ። ጨጓራ፣ አስም ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብሽ አይቡፕሮፌንን ተዪው። ቡና ተዪ የሚሉሽም ይኖራሉ። ቡና መተው ሕመሙን ለመቀነሱ ያለው ማስረጃ ደካማ ነው፤ ሁለት ወር ሞክሪው፣ ለውጥ ካላየሽ ቡናሽን ጠጪ።

አንድ ነገር እንጨምር፣ ለአንቺ ብቻ ሳይሆን ለሚያነቡ ሁሉ። ጡት መወጠርና ሲነኩት መቁሰል የእርግዝና የመጀመሪያ ምልክትም ይሆናል። ፖስትፒል ወይም በመርፌ የሚሰጠው የወሊድ መከላከያም ያንኑ ሊያመጣ ይችላል። የወር አበባ ከዘገየ የሽንት ምርመራ ይቅደም። በብዙ ጤና ጣቢያዎች ለወጣቶች የተመደበ ክፍል ስላለ እናት ሳትሰማ መጠየቅ ይቻላል።

ጥያቄ፦ እኔን የሚያመኝ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በግራ ጡቴ ውስጠኛ ዳር፣ ከደረቴ አጥንት አጠገብ። የወር አበባ መጣ ቀረ ለውጥ የለውም። ስተነፍስ ይወጋኛል። «ልብሽ ነው» ብለው አስፈራሩኝ። 15 ዓመቴ ነው።

መልስ፦ ውኃ ትቀጂያለሽ? ቧንቧ በሚጠፋበት ሰሞን በጎንደር ሰፈሮች 20 ሊትር ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ዳገት የማትወጣ ልጅ ጥቂት ናት። 20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ ነው። ጀሪካኑ የሚታሠርበት ገመድ ደግሞ ደረት ላይ ያልፋል፤ የጎድን አጥንት ከደረት አጥንት ጋር በሚገናኝበት ልም አጥንት ላይ በየቀኑ ይጫናል። ያ ቦታ ሲቆጣ ሕመሙ የጡት ይመስላል።

እንዲህ ለዪው። በቀኝ ጎንሽ ተኚ። የግራ ጡትሽ ወደ መሃል ሲንሸራተት በእጅሽ ያዢውና ከቦታው ዘወር አድርጊው፤ ከዚያ በሌላው እጅሽ አንድ ጣት የጎድን አጥንቱን ጫን በዪ። ያው ሕመም «ይኸው!» ካሰኘሽ ከአጥንቱ ነው። ጡቱን ለብቻው በጣቶችሽ መሃል ስትይዢው ካላመመሽ ደግሞ የበለጠ ይረጋገጣል። መፍትሔው ገመዱን ከደረት ማንሳት ነው፤ በትከሻ የሚያዝ ማንገቻ፣ ወይም ሁለት ባለ 10 ሊትር በሁለት እጅ፣ ወይም ጋሪ። ሞቅ ያለ ጨርቅ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከላይ የጠቀስነው ማስታገሻ ለጥቂት ቀን፣ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ሸክም መቀነስ። ጀሪካኑ ካልቀረ ኪኒኑ ብቻውን አይበቃም።

የልብ ነገር በዚህ ዕድሜ የለም አንልም፤ ደጋግሞ ከሚመላለስ የጉሮሮ ሕመም የሚመጣ የልብ በሽታ በአገራችን ልጆች ላይ አለ። ያ ግን ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ማጠር፣ የልብ በኃይል መምታት፣ የእግር ማበጥ ወይም ራስን መሳት ይዞ ይመጣል። ከእነዚህ አንዱ ካለሽ በጣት መለየቱን ትተሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

ጥያቄ፦ 18 ዓመቴ ነው። በቀኝ ጡቴ ላይ የአውራ ጣቴን ጫፍ የሚያህል ድቡልቡል ነገር አገኘሁ። አያምም፤ ስነካው ከጣቴ ሥር ይሸሻል። አክስቴ በጡት ካንሰር ሞታለች። እናቴ ጠበል እንሂድ እንጂ ብረት አይነካሽም፣ ከተነካ ይሠራጫል ትላለች። (ከቀበሌ 18)

መልስ፦ በአንቺ ዕድሜ አያምም፣ ይሸሻል፣ ዳሩ ለስላሳ ነው፣ ሲጫኑት እንደ ላስቲክ ይመልሳል ከተባለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ፋይብሮአዴኖማ የሚባል እብጠት ነው። ይህ ካንሰር አይደለም፤ የጡት እጢና ጅማት ከመጠን በላይ ያደገበት ቦታ ነው። በልጃገረዶች ጡት ላይ ከሚገኙት እብጠቶች ብዙዎቹ ይኸው ናቸው። ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ደርሶ ይቆማል፤ አንዳንዱ እየቀነሰ ይጠፋል። ያም ሆኖ በጣት ብቻ «እሱ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም፤ መታየት አለበት።

አካሄዱ ይህ ነው። የወር አበባሽ ከጀመረ ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜ ሂጂ፤ ጡት ያኔ ስለሚለሰልስ እብጠቱ በደንብ ይዳሰሳል። መጀመሪያ በአቅራቢያሽ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂጂ። ቤተሰቡ የማኅበረሰብ ጤና መድን ካርድ ካለው ደግሞ ያለ ሪፈር ወረቀት በቀጥታ ሆስፒታል መሄድ ወጪውን በራስሽ ኪስ ላይ ሊያደርገው ይችላል። ከዚያ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከተላክሽ፣ ማስተማሪያ ሆስፒታል ስለሆነ ተማሪዎች አብረው ሊገቡ ይችላሉ። ሴት ሐኪም ትየኝ፣ ሰው ይቀነስልኝ ማለት መብትሽ ነው፤ ቀድመሽ ለነርሷ ንገሪያት።

ምርመራው አልትራሳውንድ ነው። ማሞግራም (የጡት ራጅ) በዚህ ዕድሜ አይታዘዝም ማለት ይቻላል፤ እጢ የበዛበት ጡት በማሞግራም ነጭ በነጭ ሆኖ እብጠቱን ይደብቀዋል፣ ጨረሩም ያለ ጥቅም ይሆናል። አልትራሳውንዱ እብጠቱ ውኃ የቋጠረ ይሁን ድፍን፣ ዳሩ የተስተካከለ ይሁን የተበጣጠሰ፣ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነም ያሳያል። ያንን ወረቀት አትጣይው፤ ከስድስት ወር በኋላ የሚነጻጸረው ከእሱ ጋር ነው። ብዙ ሰዎች ወረቀቱን ጥለው እንደገና ከዜሮ ይጀምራሉ።

መልኩ የተስተካከለና ትንሽ ከሆነ በየ6 ወሩ እየታየ እስከ 2 ዓመት ይጠበቃል። ጥርጣሬ ካለ በቀጭን መርፌ ናሙና ተወስዶ ፓቶሎጂ ክፍል ይታያል። በቀዶ ሕክምና የሚወጣው ከ5 ሳንቲ ሜትር ሲበልጥ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ በፍጥነት ሲያድግ፣ የጡቱን ቅርጽ ሲያበላሽ፣ ወይም ጭንቀቱ ለባለቤቷ ሲከብዳት ነው። ከ5 ሳንቲ ሜትር የሚበልጡት በፍጥነት ሊያድጉ ስለሚችሉ ማዘግየቱ ጡቱን ይጎዳል። ቀዶ ሕክምናው ወደፊት ልጅ ማጥባትን በአብዛኛው አይከለክልም።

«ብረት ከነካው ይሠራጫል» የሚለው ፍርሃት በእኛ ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። የመጣው ሰዎች በሽታው ከተሠራጨ በኋላ ዘግይተው ሐኪም ቤት ስለሚሄዱ፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሲሞቱ የታየውን በቢላው ከማላከክ ይመስለናል። ፋይብሮአዴኖማ ካንሰር ስላልሆነ የሚሠራጭ ነገር የለውም፤ በመርፌ ናሙና መውሰድም ካንሰር አይፈጥርም። ለእናትሽ ጠበሉንና ምርመራውን አንዱን ለአንዱ ተዪ አትበያት፤ ጠዋት ጠበል ተጠምቀሽ ረፋዱ ላይ አልትራሳውንድ መነሳት ይቻላል።

ስለ አክስትሽ፦ በስንት ዓመቷ እንደታመመች ጠይቂ፤ በአባት በኩልም ቢሆን ይቆጠራል። ከ50 ዓመት በፊት የታመሙ ሁለትና ከዚያ በላይ ዘመዶች ካሉ ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል፤ ያ ማለት ግን ክትትልሽ ከሌሎች ሴቶች ቀደም ብሎ፣ ከ25 ዓመት ገደማ ሊጀምር ይችላል ማለት ነው እንጂ አሁን ያለሽ እብጠት ካንሰር ነው ማለት አይደለም። ሳይዘገይ መታየት ያለበት ድንጋይ የመሰለ፣ ከቆዳው ወይም ከሥር ካለው ሥጋ ጋር ተጣብቆ የማይንቀሳቀስ፣ ቆዳውን ያሰረጎደ ወይም ጫፉን አዲስ ወደ ውስጥ የሳበ፣ በብብት ከማይጠፋ ንፍፊት ጋር የመጣ እብጠት ነው። ንፍፊት ብቻውን ከሦስትና ከአራት ሳምንት በላይ ሲቆይ በእኛ አገር የንፍፊት ቲቢም ሊሆን ስለሚችል መመርመር አለበት።

ጥያቄ፦ ታናሽ እኅቴ 17 ዓመቷ ነው፤ ወልዳ አታውቅም። የጡቷ ጫፍ ዙሪያ ቀልቶ አብጧል፣ ይነድዳል፣ ትኩሳት አላት። አሞክሳሲሊን ገዝቼ ከሰጠኋት 3 ቀኗ ነው፤ አልተሻላትም። በመርፌ አፍርጡት ይላሉ።

መልስ፦ ዛሬውኑ ይዘሃት ሂድ። ይህ መግል ነው ወይም ሊሆን ነው። ያላጠባች ልጅም ይይዛታል፤ በጫፉ ዙሪያ ያለ ፀጉርን መንቀል ወይም መላጨት፣ ጭረት፣ ብጉር ማፍረጥ ለባክቴሪያው በር ይከፍታሉ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ስታፍ የሚባለው ባክቴሪያ ነው፤ እሱ ደግሞ ተራውን አሞክሳሲሊን የሚሰብር ኢንዛይም ያመነጫል። ያልተሻላት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ሐኪሙ እንደ ክሎክሳሲሊን ያለ ሌላ መድኃኒት ያዛል፤ መግል ከቋጠረ ደግሞ በአልትራሳውንድ እየታየ በመርፌ ይመጠጣል፣ አንዳንዴ ከአንድ ጊዜ በላይ። ቤት ውስጥ በመርፌ ወይም በምላጭ መብጣት የወተት ቱቦዎቹን ይቆርጣል፤ በየጊዜው የሚያመረቅዝ ቀዳዳም ሊያስቀር ይችላል። መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ በ48 ሰዓት ውስጥ ትኩሳቱ ካልወረደ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ተመለሱ። ደጋግሞ የሚመጣ ከሆነ ስኳሯ ይለካ።

ጥያቄ፦ ጡቴን ስጨምቀው ቡናማ ጠብታ ይወጣል። 14 ዓመቴ ነው።

መልስ፦ አትጭመቂው። በዚህ ዕድሜ በጫፉ ዙሪያ ያሉ ትናንሽ እጢዎች ሲደፈኑ ትንሽ ውኃ ቋጥረው ቡናማ ወይም ንጹሕ ፈሳሽ ያወጣሉ፤ አብዛኛው በራሱ ይጠፋል፣ እስከ 2 ዓመት ቢወስድም። ሳትነኪው ልብስሽን የሚያረጥብ፣ ወተት የሚመስል ወይም ደም ያለበት ከሆነ ግን ታዪ። ወተት ሲሆን የእርግዝና፣ የፕሮላክቲን (ወተት የሚያመነጨው ሆርሞን) እና የታይሮይድ ሆርሞን ምርመራ ይደረጋል፤ የምትወስጂው መድኃኒት ካለ ስሙን ይዘሽ ሂጂ።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ወንድ ልጄ ከጡቱ ጫፍ ሥር ጠጠር አወጣ። ተማሪዎች ሲስቁበት ትምህርት ቤት አልሄድም አለ። ወንድ ጡት ያወጣል እንዴ?

መልስ፦ ያወጣል። በጉርምስና ወቅት ግማሽ ያህሉ ወንዶች ላይ ይታያል፤ ሆርሞኑ እስኪስተካከል ነው። አብዛኛው ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ውስጥ ይጠፋል። መጭመቅ፣ ማሠርና ቅባት አያስፈልገውም። ከ4 ሳንቲ ሜትር ከበለጠ፣ ከ2 ዓመት በላይ ከቆየ ወይም የዘር ፍሬው ላይ እብጠት ካለ ሐኪም ይየው። የስፖርት ልብሱን ከሌሎች ፊት እንዳይቀይር ከክፍል ኃላፊ መምህሩ ጋር ተነጋገሩ፤ በዚህ ሳምንት የሚረዳው እሱ ነው።